በጎጃም ወፎችን እንዴት እንመልከት? ከዓባይ ሸለቆ እስከ ጮቄ ተራራ

ወፎችን ለማየት ወደ ጎጃም ለመጓዝ ያሰበ ሰው ዘወትር የሚጠይቀው የትኛው ሐይቅ፣ የትኛው ፏፏቴ ወይም የትኛው ተራራ እንደሚሻል ነው። ከዚህ አስቀድሞ መልስ የሚሹ ሁለት ጥያቄዎች ግን አሉ፤ የምሄደው በየትኛው ወር ነው፣ የምቆመውስ ቆላ ነው ወይስ ደጋ? የጎጃም ገበሬ ምን እንደሚዘራ የሚወስንባቸው ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ የተባሉት ክፍሎች ለወፍ ተመልካችም እኩል ያገለግላሉ። ከደጀን በታች ያለው የዓባይ ሸለቆ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖረው የጮቄ ተራራ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ይህን ሁሉ ከፍታ በአንድ አውራጃ ስፋት ውስጥ ማግኘት የሚቻልበት ቦታ ብዙ አይደለም። መለኪያ መሣሪያ ባይኖርዎትም ማሳው ይነግርዎታል። ማሽላ ሲበዛ ወደ ቆላው እየወረዱ ነው፤ ጤፍና በቆሎ የወይና ደጋ ምልክቶች ናቸው፤ ገብስና ድንች ሲያዩ ደጋ ገብተዋል፤ ጅብራ የተባለውን ረጅም የደጋ ተክልና የጓሳ ሣር ካዩ ደግሞ ከእርሻ በላይ ውርጩ ላይ ደርሰዋል። ሰብሉ በተለወጠ ቁጥር ወፉም ይለወጣልና በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ መኪናን አቁሞ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት፣ ቀኑን ሙሉ እየነዱ ከማለፍ የበለጠ ያሳያል።

ወሩን በተመለከተ ሁለቱ ዋና ዋና ጊዜያት የሚሰጡት ነገር የተለያየ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው የበጋ ወቅት መንገዱ የደረቀበት፣ ሰማዩ የጠራበትና ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ከአገሬው ወፎች ጋር ተደባልቀው የሚታዩበት ነው። ክረምቱና መስከረም ግን የአገሬው ወፎች የሚያጌጡበት ወራት ነው። በሌላው ጊዜ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆኖ ከመንጋው የማይለየው ቀይ የማሳ ወፍ በነሐሴና በመስከረም ወንዱ እንደ ፍም ቀይና ጥቁር ለብሶ በረጅሙ ሣርና በበቆሎው ማሳ ላይ ላባውን ነፍቶ ሲያንዣብብ ይታያል። ጭቃውንና ዝናቡን ከቻሉ፣ ይህ ወራት ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ይክሳል ብዬ አምናለሁ።

ከቀኑ ውስጥ የሚሻለው ጊዜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ነው። ሌሊቱን ጾም ያደሩት ወፎች በዚህ ሰዓት ምግብ ፍለጋ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይዘምራሉም። ከ4 ሰዓት በኋላ አብዛኞቹ ጥላ ይገባሉ፤ በአንጻሩ ንስርና ጥንብ አንሳ የሚነሡት መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ስለሆነ ረፋዱ የእነርሱ ሰዓት ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ ትንንሾቹ እንደገና ይወጣሉ።

መሣሪያው ጥቂት ነው። ባለ 8 በ42 ባይኖኩላር (በሁለት ዓይን የሚታይበት የሩቅ ማሳያ መነጽር) ለጀማሪም ለባለሙያም ይበቃል፤ 8 የሚያቀርብበት መጠን፣ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ በላይ የሚያቀርበው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል። ከመውጣትዎ በፊት ለዓይንዎ ያስተካክሉት። የቀኙን መስታወት በእጅዎ ሸፍነው በግራ ዓይንዎ ብቻ ሩቅ ያለ ቅጠል እያዩ የመካከለኛውን መዘውር ያዙሩ፤ ቅጠሉ ሲጠራልዎ ግራውን ሸፍነው በቀኝ ዓይንዎ ያንኑ ቅጠል እያዩ በቀኙ ዓይን ማያ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ ያስተካክሉ። ከዚያ በኋላ ቀለበቱን አይንኩት፤ ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት በመካከለኛው መዘውር ብቻ ይሆናል። ወፍ ሲያዩ ደግሞ ዓይንዎን ከወፉ ሳይነቅሉ መነጽሩን ወደ ዓይንዎ ያምጡት። ጀማሪዎች መነጽሩን ለማየት ጎንበስ ብለው ቀና ሲሉ ወፉ የተቀመጠበት ቅርንጫፍ የትኛው እንደነበረ ይጠፋባቸዋል።

የማያውቁትን ወፍ ለመለየት ከቀለሙ በፊት መጠኑን ይያዙ። ድንቢጥ፣ ርግብና ቁራ ማንም የሚያውቃቸው ስለሆኑ ጥሩ መመዘኛ ናቸው፤ ‹ከርግብ ያንሳል፣ ከድንቢጥ ይበልጣል› ብሎ መጻፍ ብቻውን አብዛኛውን ግምት ያጠባል። ቀጥሎ ምንቃሩ አጭርና ወፍራም ነው ወይስ ረጅምና ቀጭን፣ መሬት ላይ ይራመዳል ወይስ ይዘላል፣ ጅራቱን ያወዛውዛል ወይ የሚለውን ይመዝግቡ። ቀለም በብርሃን ይለዋወጣል፤ ጠባይ ግን አይዋሽም።

ጉዞውን ከባሕር ዳር መጀመር እመክራለሁ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ትልቅነቱ ግን ተመልካቹን ሊያታልለው አይገባም። ጥልቁ ላይ የሚታየው ወፍ ጥቂት ነው፤ ሀብቱ ያለው ደንገሉ፣ ፊላውና ጭቃው ከውሃው ጋር በሚገናኙበት ጠባብ ዳርቻ ላይ ነው። ስለዚህ ጀልባ ሲከራዩ ባለ ጀልባውን ‹ዳር ዳሩን ቀስ ብለን እንሂድ፤ ስነግርህ ሞተሩን ታጠፋልኛለህ› ብለው ከመነሣትዎ በፊት ይስማሙ። የተለመደው ደንበኛ ቶሎ ገዳማት መድረስ የሚፈልግ ስለሆነ፣ ይህን ካላሉ በፍጥነት ሐይቁን ሰንጥቆ ይወስድዎታል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል፣ ማዕበሉም ይነሣል፤ ስለዚህ ጠዋት ወጥቶ እኩለ ቀን ሳይሆን መመለስ ለደኅንነትም ለእይታም ይሻላል። የሕይወት አድን ሰደርያ ሳይለብሱ አይሳፈሩ።

በደንገሉ ጫፍ ላይ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነ፣ ከርግብ ጥቂት የሚያንስ ወፍ በአየር ላይ ባለበት ቆሞ ክንፉን ሲያርገበግብ ካዩ ያንን ወፍ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ይከታተሉት። ይህ ዝንጉርጉሩ ዓሣ አጥማጅ ነው። ምንቃሩን ወደ ታች አቀርቅሮ ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ ይጠብቃል፤ ከዚያ ክንፉን ሰብስቦ እንደተወረወረ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ይገባል። የያዘውን ዓሣ ቅርንጫፍ ላይ ቀጥቅጦ ከጭንቅላቱ በኩል ይውጣል፤ በጅራቱ በኩል ቢውጠው ቅርፊቱና ክንፉ ጉሮሮውን ይይዘው ነበር። ደረቱን በመነጽር ካዩት ፆታውንም ይለያሉ፤ ወንዱ ሁለት ጥቁር መቀነት ሲኖረው ሴቷ መካከሉ የተቆረጠ አንድ ብቻ አላት። በዚያው አካባቢ ክንፉን እንደ ተሰጣ ልብስ ዘርግቶ ግንድ ላይ የሚቆም ጥቁር ወፍ ያያሉ። ላባው ውሃ ስለሚያስገባ በቀላሉ ጠልቆ ዓሣ ያሳድዳል፤ ነገር ግን ሲወጣ መድረቅ አለበት። ውሃ ላይ በተንሳፈፈው ቅጠል ላይ የሚራመደው፣ ጣቶቹ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠኑ እስኪመስሉ የረዘሙት ቡናማ ወፍ ደግሞ በአባትነቱ ይታወቃል፤ እንቁላሉን የሚታቀፈውም ጫጩቶቹን የሚያሳድገውም ወንዱ ነው።

ነጭ ራስ ያለው ዓሣ በል ንስር በረጅም ዛፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮኽ ከሩቅ ይሰማል፤ ድምፁን ከሰሙ በኋላ በውሃው ዳር ያሉትን ከፍ ያሉ ዋርካዎችና ሾላዎች አንድ በአንድ ይፈትሹ። ፔሊካኖችንና አባ ኮዳን ለማየት ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዓሣ አጥማጆች የቀረሶና የአምባዛ ሆድ ዕቃ አጽድተው በሚጥሉበት የባሕር ዳር ዳርቻ ጠዋት ጠዋት ይሰበሰባሉ። ለፎቶግራፍ ምቹ ቦታ ነው፤ ሆኖም ዓሣ አጥማጆቹን ሰላም ሳይሉና ሳያስፈቅዱ ካሜራ አይደግኑ፤ ሥራ ላይ ናቸውና።

ዓባይ ከጣና ተነሥቶ የሚወጣበት አፍ የጉማሬ መገኛ ነው። ጉማሬ ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል። በጀልባ ሲጠጉ ሞተሩን አሳንሶ በርቀት መቆም፣ ግልገል ካለ ወዲያው መራቅ፣ በእግር ሲሆኑ ደግሞ በማለዳና በምሽት በውሃውና በሣሩ መካከል አለመቆም ግዴታ ነው። የጉማሬ አደጋ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወደ ውሃው የሚመለስበት መንገድ የተዘጋበት ሲመስለው ነው።

ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት የሚመጡ ሁሉ አንድ ቀን ለጭምባ ረግረግ እንዲያስቀምጡ አጥብቄ እመክራለሁ። ግልገል ዓባይ ወደ ጣና በሚገባበት አካባቢ የሚገኘው ይህ ረግረግ ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ወፎች የሚከርሙበት ነው። ከሰሜን የሚመጡት ግራጫዎቹ ክሬኖች ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ጅብ በውሃ ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ሊቀርባቸው ስለማይችል ነው። ጎሕ ሲቀድ እየተጠራሩ በረድፍ ተነሥተው እህል ወደ ታጨደባቸው ማሳዎች ይሄዳሉ፤ ማታ በመጡበት ይመለሳሉ። ስለዚህ የሚታዩበት ሁነኛ ሰዓት ጎሕና ማታ ሲሆን፣ ቀን የሚፈልጋቸው ሰው ወደ ረግረጉ ሳይሆን ወደ ቃርሚያው ማየት አለበት። ወርቅማ አክሊል ያላቸው ጥቁሮቹ ክሬኖችና ከአገጫቸው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለባቸው ትልልቆቹ ክሬኖች ግን የአገሬው ናቸው፤ የሚፈለፍሉትም እዚሁ ረግረግ ለረግረግ ነው። ረግረጉ ለግጦሽና ለእርሻ እየጠበበ በሄደ መጠን እነዚህ የሚሄዱበት ሌላ አገር የላቸውም። ማሳ ውስጥ ገብተው ሊያባርሯቸው የሚዳዳቸው ልጆች ቢያጋጥሙ ከመቆጣት ይልቅ መነጽሩን አውሶ ማሳየት ይሻላል፤ አንድ ጊዜ በመነጽር ያየ ልጅ ራሱ ጠባቂ ሆኖ ሌሎቹን ሲመልስ ይገኛል።

በጣና ላይ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም እ.ኤ.አ. ከ2011 ገደማ ጀምሮ ተስፋፍቷል፤ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ በብዛት ይገኛል። ከቁራጩም ከዘሩም ስለሚራባ በጀልባው ጎን ወይም በሞተሩ ላይ የተጣበቀውን ቁራጭ ወደ ሌላ ዳርቻ ይዘው እንዳይሄዱ ባለ ጀልባውን ያሳስቡ፤ የራስዎን ጫማም ያጥቡ።

ዘጌ ልሳነ ምድር የዚሁ የውሃ ጉዞ ቀጣይ ቢሆንም ዘዴው ፈጽሞ የተለየ ነው። እዚህ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለሚበቅል ዓይን ከጆሮ በኋላ ነው የሚሠራው። ከጀልባው ወርደው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደተጓዙ ቆም ብለው ያዳምጡ፤ ከላይ ከቅርንጫፎቹ መካከል የሻከረ፣ ተደጋጋሚ ድምፅ ከመጣ ሶሪት ናት። ሶሪት ቅርንጫፍ ላይ ስትሮጥ አረንጓዴነቷ ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል፤ ክንፏን ዘርግታ ከዛፍ ወደ ዛፍ ስታልፍ ግን ደማቅ ቀዩ ድንገት ይገለጣል። ስለዚህ ዛፉን ከመፈተሽ ይልቅ በሁለት ዛፎች መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ይጠብቁ። ሾላ ያፈራ እንደሆነ ከሥሩ ቁጭ ይበሉ፤ አረንጓዴዋ ጥቁር ክንፍ በቀቀን፣ ጉሬዛና ጦጣ ሁሉ ወደዚያው ይመጣሉ። እንደ ክብራን ገብርኤል ባሉ አንዳንድ የጣና ገዳማት ሴቶች አይገቡም፤ የዘጌዎቹ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ሌሎቹ ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው።

የቤተ ክርስቲያን ደን ጉዳይ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል፤ ምክንያቱም ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው መንገድ በግራና በቀኝ በማሳ መካከል ክብ ሆኖ የሚታየው እያንዳንዱ የጥድ፣ የወይራና የዋንዛ ደን የአንድ ደብር ቅጽር ነው፤ በዙሪያው ያለው ደን ካለቀ በኋላ የደን ወፎች የቀሩትም በእርሱ ውስጥ ነው። ለመግባት ፈቃድ የሚጠየቀው በሩ ላይ ካገኙት ሰው ሳይሆን ከደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ከአንድ ካህን ነው። ‹አባ፣ ይባርኩን፤ ወፍ ለማየት ነው የመጣነው፤ በቅጽሩ ውስጥ ብንዞር ይፈቅዱልናል?› ብሎ ባርኔጣ አውልቆ መጠየቅ ይበቃል። በቅዳሴ ሰዓት አይግቡ፤ ቅዳሴ ሲያልቅ ይምጡ። የቆሎ ተማሪዎች ካሉ በትሕትና ያነጋግሯቸው፤ ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ሥር ቅኔ ሲቆጥሩ ስለሚውሉ ጉጉቱ የት እንደሚያድር፣ የትኛው ዛፍ ላይ ጎጆ እንዳለ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ደኑ ውስጥ ካለው የእግር መንገድ ሳይወጡ አንድ ጊዜ በዝግታ ይዙሩ፣ ከዚያም ደኑና ማሳው በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ይቀመጡ፤ ከሁለቱም ወገን የሚመጡት ወፎች የሚታዩት እዚያ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከ40 ሜትር በላይ ይወረወራል። ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚቀነስ በበጋ የሚመጣ ሰው ቀጭን ጅረት ብቻ ሊያገኝ ይችላል፤ ሙላቱን ማየት የሚፈልግ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይምጣ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሠራው ድልድይ በኩል የሚወስደውን የእግር መንገድ ይምረጡ፤ ድልድዩ ላይ ቆመው ገደሉን ወደ ታች ሲያዩ ከድንጋዩ ስንጥቅ የሚወጡትንና የሚገቡትን ወፎች ከላያቸው ሆነው መመልከት ይችላሉ።

ዘንገና ከእንጅባራ አቅራቢያ በአስፋልቱ ዳር ያለ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ሲሆን ለዓይን እጅግ ያማረ ነው። ሆኖም ዳርቻው ቀጥ ብሎ የሚጠልቅ፣ ጭቃና ደለል የሌለው ስለሆነ በጣና ያዩትን ዓይነት የውሃ ዳር ወፍ ብዛት አይጠብቁ፤ እዚህ ወፍ የሚፈለገው በዙሪያው ባለው ዛፍ ላይ ነው። ለሻይ ዕረፍት ከቆሙ አይቀር አንድ ሰዓት ይስጡት።

ጮቄ ግን ሙሉ ቀን፣ ቢቻል ሁለት ይገባዋል። መነሻው ደብረ ማርቆስ ነው፤ በሮብ ገበያ በኩል ሲወጡ ገብሱ እየሳሳ ሄዶ ጓሳው ይጀምራል፣ ጅብራው ብቻውን ቆሞ ይታያል። ከፍታው ራስ ምታት ሊያመጣ ስለሚችል የመጀመሪያውን ቀን በዝግታ ይራመዱ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ወፍራም ጋቢ ወይም ጃኬት ይያዙ። እዚህ የሚፈለገው ዋናው ወፍ ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም አገር የማይገኘው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ነው። ምንጭ በሚወጣበት ጨፌ ሣር ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይግጣል። ቆሞ ሲያዩት አመድማ ቡናማ ነው፤ ስሙን ያገኘበት ሰማያዊ የሚገለጠው ሲበር ነው። ለማየት ብለው ግን አያስነሡት፤ ቁጭ ብለው ቢጠብቁ ክንፉን ሲያፍታታ ያዩታል። በዚያው ጨፌ ጅራቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ የሚሮጥ ቡናማ የውሃ ዶሮ መሰል ወፍ፣ ከአገጩ ሥር ትንሽ ቆዳ የሚንጠለጠልበትና ረጅም ቆልማማ ምንቃሩን መሬት ውስጥ የሚሰካ ጥቁር ወፍ፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነው ምንቃረ ወፍራም ቁራም አሉ። ጅብራው ሲያብብ ረጅም ጅራት ያላቸው የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ወፎች ማሩን ለመቅሰም ይመጣሉ። ገደሎቹ ላይ ደግሞ አጥንት ሰባሪው አሞራ አጥንት አንሥቶ ከፍ ካለ በኋላ ድንጋይ ላይ ይጥለዋል፤ ሲሰበር ወርዶ ቅልጥሙን ይበላል።

የዓባይን በረሃ የሚያቋርጡት ደጀንና ጎሐ ጽዮን መካከል ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ከባድ መኪና የሚበዛበትና ናዳ የማያጣው ስለሆነ በመታጠፊያ ላይ ፈጽሞ አይቁሙ፤ ሰፋ ያለ የጠጠር ሜዳ እስኪያገኙ ይጠብቁ። ማለዳ ከቁልቁለቱ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚጮኸው ቆቅ ምንቃሩና የዓይኑ ዙሪያ ቀይ ከሆነ፣ በዓለም ላይ በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች ብቻ የሚኖረው ሃርውድ ቆቅ ሊሆን ይችላልና በጥንቃቄ ይመልከቱት። ሽኮኮዎች ድንገት ወደ ዋሻቸው ከገቡ ቀና ይበሉ፤ ጥቁሩ ንስር እየመጣ ነው።

በየትኛውም ቦታ ቢሆን ጎጆ ካገኙ ቶሎ ይራቁ፤ እናቲቱ ተነሥታ በቆየች ቁጥር እንቁላሉ ይበርዳል፣ ቁራም ያያል። የተቀዳ የወፍ ድምፅ በስልክ እያሰሙ መጥራት በተለይ በመራቢያ ወራት ወንዱን ከጎጆው ስለሚያዘናጋው አይመከርም። ልጆች ወፍ በድንጋይ እንዲያስነሡ ገንዘብ አይስጡ። የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ ከመነሣትዎ በፊት በዚያው ሳምንት እዚያ ካለ ሰው ያጣሩ፤ ወደ ገጠሩ ሲገቡ ለቀበሌው ያሳውቁ፣ የአካባቢውንም ሰው አስጎብኚ አድርገው ይቅጠሩ።

ማስታወሻዎን እዚያው ቦታው ላይ ይጻፉ እንጂ ለማታ አያስተላልፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ የቦታው ስም፣ ከፍታው ወይም በማሳው ያለው ሰብል፣ የወፉ ብዛትና ሲያደርግ የነበረው በአንድ መስመር ይበቃል። ከዚያም ኢበርድ በተባለው ነፃ የስልክ መተግበሪያ ላይ ቢያስገቡት ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል፤ ስሙን ያላረጋገጡትን ወፍ በግምት ከማስገባት ግን ፎቶውንና መግለጫውን ይዘው የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ።